የምድጃ ካፖርት

ካፖርቱ የመጣው ከባሏ ቀብር በኋላ በአራተኛው ቀን ነው። ከሆስፒታል የተላከ ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ አፉ የተቋጠረ ጥቁር ፌስታል አስረከባት፤ ወረቀት አስፈረማትና "እግዜር ያጥናሽ" ብሎ ፊቱን አዞረ። ልብስ ሰፊዋ ፌስታሉን ስትቀበል ክብደቱ ክንዷን ወደ ታች ጎተተው። ሳትፈታው አወቀችው። ጨርቁን የቆረጠችው፣ ገበሩን የገጠመችው፣ ጥጡን እፍኝ በእፍኝ የሞላችው እሷው ናት።

ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል። አንዷ ጎረቤት ስለ ጉልበቷ ታወራለች፣ ሌላዋ ስለ ምራቷ፣ ሦስተኛዋ "አይዞሽ" የምትልበትን ክፍተት ትጠብቃለች። ለቅሶ ቤት መቼም እንዲህ ነው፤ ሰው ሊያጽናና ይመጣና የራሱንም ሸክም አራግፎ ይሄዳል። ልብስ ሰፊዋ ማንንም ሳታይ አልፋ መሥሪያ ክፍሏ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ፌስታሉን መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ገለበጠችው።

ባሏ ቀዝቃዛው ቤት አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ቀዝቃዛው ቤት የሚሉት ከቄራው ጎን ያለውን የሥጋ ማከማቻ ነው። ሥጋው እንዳይበላሽ፣ በረዶም እንዳይሆን፣ ትልልቅ ማራገቢያዎች ቀን ከሌት ብርድ የሚነፉባቸው አራት ክፍሎች አሉት። ባልደረቦቹ "ምድጃ" ይሉት ነበር፤ እጁ አይቀዘቅዝማ። ከበሬ ጭን ጋር ሲታገል ውሎ ወጥቶ ቢጨብጡት እጁ ከዳቦ ቤት የወጣ ይመስላል። ሠራተኞቹ ተራ ገብተው እጃቸውን በብብቱ ይሸጉጡና "ምድጃ፣ እንጨት ጨምርበት እንጂ" ይሉታል። እሱም "እኔ ጡት አጥቢ ነኝ፣ እሳቴን በሆዴ ይዤ ነው የምዞረው። እናንተ ምንድን ናችሁ፣ እንሽላሊት?" ይላቸዋል። ጡት አጥቢ የሚለውን ነገር የተማረው ሥጋ ልትመረምር ከምትመጣው የከብት ሐኪም ነው።

ካፖርቱን የሰፋችለት ባለፈው ዓመት ነበር። ዚፕ በእርጥበት ይዝጋል፣ ትንንሽ ቁልፍ ደግሞ በጓንት አይያዝም ብሎ ስለ ነገራት፣ ከፊት ሦስት ትልልቅ የእንጨት ቁልፎች አደረገችለት። ከውስጥ ደግሞ አንድ የጨርቅ ማሰሪያ ጨመረችበት። የቀኙ ክንፍ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ይገባና በግራ ብብት ሥር ከገበሩ ጋር ይታሰራል፤ የግራው ክንፍ ከላይ ይደረብና ቁልፎቹ ይቆለፋሉ። ያን ማሰሪያ ከራሱ ከባሏና ከእሷ በቀር የሚያውቀው የለም። እሱ ሲያስረው ጫፉን ሳብ ሲያደርጉት የሚፈታ ሸምቀቆ ነው የሚያደርገው።

የሆስፒታሉ ሐኪሞች ካፖርቱን ከጀርባው በመቀስ ሰንጥቀው ነው ያወጡት። ስለዚህ ከፊት በኩል ያለው ሁሉ ባሏ ሆስፒታል በደረሰ ጊዜ እንደነበረ ነበር። ቁልፎቹ እንደተቆለፉ፣ ማሰሪያውም እንደታሰረ።

ልብስ ሰፊዋ አየችው። እንደገና አየችው። ከዚያ ክው አለች።

ማሰሪያው ከውስጥ አልነበረም። በውጭ ተጎትቶ ከላይኛው ቁልፍ ጋር በድርብ ቋጠሮ ታስሯል። ቁልፎቹ አንድ ቀዳዳ ስተው ወደ ላይ ተዛውረዋል። የቋጠሮው አዟዟር ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ለክታ አልብሳለች፤ የሕፃናትን ልብስ ስታስር፣ የሙሽሮችን ቀሚስ ስትቆልፍ ኖራለች። ራሱን የሚያለብስ እጅና ሌላውን የሚያለብስ እጅ ጨርቅ ላይ የሚተዉት ምልክት አይመሳሰልም። ይህን ካፖርት ባሏ አልለበሰውም። ሰው ነው ያለበሰው።

የሚያለብሰው ሰው ካስፈለገ ደግሞ ወልቆ ነበር ማለት ነው።

ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች። ከሳሎን ሳቅ ተሰማ፤ ባለ ጉልበቷ ሴትዮ ናት። ልብስ ሰፊዋ በሩን ገርበብ አድርጋ አንድ ሰው ብቻ በዓይኗ ጠቀሰች። በሠርጋቸው ቀን ሚዜ የነበረውን፣ በቀዝቃዛው ቤት ደግሞ የባሏ አለቃ የሆነውን ሰውዬ። ከቀብሩ ጀምሮ በየቀኑ እየመጣ አንዲት ወንበር ላይ ያለ ቃል ይቀመጣል። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው።

"ሚዜ፣ ይሄን ማን አሰረው?" አለችው በሩን ዘግታ።

ካፖርቱን አየና ዓይኑን ወደ ስፌት መኪናው አሸሸ። "እሱ ነዋ። ማን ያስርለታል?"

"እሱ እንዲህ አያስርም።"

"ብርድ ላይ ነበር እኮ እህቴ። እጁ ደንዝዞ ይሆናላ።"

"የደነዘዘ እጅ ድርብ አይቋጥርም። እየው፣ ወዴት እንደዞረ እየው። ይሄን ያሰረ ሰው ፊት ለፊቱ ተንበርክኮ ነበር።"

ሚዜው ግዙፍ ሰው ነው፤ የበሬ እግር በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ሲሄድ የሚያዩት ሰዎች መንገድ ይለቁለታል። አሁን ግን የጨርቅ ክምሩ ላይ ተቀመጠ።

"ራቁቱን ነበር" አለ።

ቀሪውን እየተቆራረጠ ነገራት። እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ማራገቢያዎቹን ሊያይ መጣ። የሦስተኛው ክፍል በር ተዘግቷል፤ የውስጡ እጀታ ከተበላሸ ወራት አልፎታል፤ ሰው ሲገባ በሩ እንዳይዘጋ የፕላስቲክ ሳጥን መሃል ላይ ማድረግ የሁሉም ልማድ ነበር። ሳጥኑ ከበሩ ርቆ ክፍሉ ውስጥ ነው ያለው፣ ግድግዳው ሥር። ምድጃ ማራገቢያው ላይ የጋገረውን በረዶ ሊፍቅ ቅዳሜ ከሰዓት ገብቶ፣ ብርዱ እንዳያመልጥ በሩን ገርበብ ሊያደርግ ብሎ ሳጥኑን በእግሩ ሲገፋው በሩ ተዘግቶበት መሆን አለበት፤ ለሥጋው ይሳሳ ነበርና። ሁሉም ስልኩን የሚተወው ውጭ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ከበሩ ጀምሮ ልብሱ ተዘርግፏል፤ መጀመሪያ ካፖርቱ፣ ቀጥሎ ሹራቡ፣ ቀጥሎ ሱሪው። እሱ ራሱ ከታችኛው መደርደሪያ ሥር ገብቶ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ እንደ ድመት ተጠቅልሎ ነበር።

"ሰው ሳያየው አለበስኩት" አለ ሚዜው። "ምን ይባላል? ለእናቱ ምን ይነገራል? ከማን ጋር ነበር አይሉም? አበደ አይሉም? በሩን በሳጥኑ አስይዤ፣ ገርበብ አድርጌ አለበስኩት። ይቺን ለማንም አልተናገርኩም፤ ከእኔ ጋር ትቀበር ነበር። የአንቺ ዓይን ነው ያወጣት።"

ልብስ ሰፊዋ አላለቀሰችም። ማልቀስ እንዳለ እንኳ ረሳች።

ሚዜው የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። ያን ቅዳሜ ጠዋት ባልና ሚስቱ ተጣልተዋል። ባሏ እናቱን ከእነሱ ጋር ለማኖር ፈልጎ ነበር፤ ሴትዮዋ በከተማው ሌላ ጫፍ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ ደረጃው እየከበዳቸው ነው። እሷ ደግሞ ቤቱ ጠባብ ነው፣ መሥሪያ ክፍሌን የት ላድርሰው ብላ ስትከራከር ከርማ፣ ያን ቀን ከአፏ ያመለጣት ቃል "ወይ እኔ ወይ እናትህ" የሚል ነበር። ባሏ አልመለሰላትም። ሻዩን ሳይጠጣ፣ ካፖርቱን በክንዱ ይዞ ወጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ በቀጥታ ወደ እናቱ ሄዶ እዚያ ስለሚያድር ባይመጣ አልደነቃትም፤ ኩርፊያ ነው አለች። እናቱ ደግሞ ሳይመጣ ሲቀር ዛሬ ከሚስቱ ጋር ይሁን አሉ።

አሁን ያ ዝምታ ሌላ መልክ ያዘ። ሰው በብርድ ቤት ውስጥ ሚስቱ የሰፋችለትን ካፖርት ለምን ያወልቃል? የሰፋችውን እጅ ሲጠላ አይደል? መኖር ሲበቃው አይደል? ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን የቀረበላትን አልቀመሰችም። ሰው ሲያናግራት በአንገቷ ትመልሳለች። "ሐዘን ነው" አሏት፤ ሐዘን ቢሆን በወደደች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ለከብት ሐኪሟ የሰፋቻቸውን ጋዋኖች ተሸክማ ወደ ቄራው ሄደች። ጋዋኖቹ ለመድረስ ገና ጊዜ ነበራቸው፤ ሰበብ ነው። ሐኪሟ ጠና ያለች ሴት ናት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ የሥጋ ቴርሞሜትሯን እንደ እስክሪብቶ ኪሷ ውስጥ ሰክታ የምትዞር። ቢሮዋ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ግድግዳው ላይ የላም ውስጣዊ አካል የሚያሳይ ሥዕል ነው። ከመጽናኛው ቃል በኋላ ልብስ ሰፊዋ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም።

"ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እየበረደው ልብሱን የሚያወልቅ ሰው አለ?"

ሐኪሟ ጋዋን ማጠፏን አቆመች። "ማነው ያወለቀው?" አለች። ከዚያ ፊቷን አየችና ጥያቄዋን ተወችው። "ተቀመጪ ልጄ።"

ያኔ የነገረቻት ነገር ልብስ ሰፊዋ ከዚያ በኋላ ደጋግማ በራሷ ቃል ለራሷ ያወራችው ነው። ላምም፣ ውሻም፣ አይጥም፣ ሰውም አንድ ዓይነት ዕዳ ይዘው ነው የሚወለዱት አለቻት፤ ጠጉር ያበቅላሉ፣ ልጃቸውን ወተት ያጠባሉ፣ ደማቸውን ደግሞ ውጭው ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም በአንድ ልክ ማኖር አለባቸው። እንሽላሊት ፀሐይ ላይ ተዘርግታ ትሞቃለች፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ትቀዘቅዛለች፣ ማንም አይጠይቃትም። ጡት አጥቢ ግን የሚበላውን ምግብ ግማሹን የሚያነደው ለእሳቱ ነው። ሲሞቀው ያልበዋል፣ ውሻ ከሆነ ያለከልካል። ሲበርደው ጠጉሩ ይቆማል፤ የእኛም ጠጉር የሚቆመው ለዚያ ነው፣ ሰውነታችን ገና ጠጉራም ቆዳ ያለን እየመሰለው። ከዚያ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጥ ሥራ ነው፣ እሳት ለማንደድ ጡንቻ የሚሠራው ሥራ።

"ያም ካልበቃ ሰውነት ምን ያደርጋል መሰለሽ፤ በረንዳውን ይተዋል" አለች ሐኪሟ። "እጅ፣ እግር፣ ቆዳ በረንዳ ናቸው። ደሙን ከእነሱ ይሰበስብና ጓዳውን ያሞቃል፤ ልብን፣ ሳንባን፣ አንጎልን። የበረንዳውን በር ጨምድደው የሚይዙት ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው። ሰዓታት ሲያልፉ እነሱም ይደክማሉ። ይለቁታል። ያኔ ሞቃቱ ደም በአንድ ጊዜ ወደ ቆዳ ይግተለተላል። ሰውዬው እየሞተ እሳት ውስጥ የገባ ይመስለዋል። አንጎሉም ቀዝቅዟል፤ አያመዛዝንም። ልብሱን ያወልቃል። ከዚያ ጠባብ ጉድጓድ ፈልጎ ይገባል፣ እንደ አውሬ። አልጋ ሥር፣ መደርደሪያ ሥር።"

"መደርደሪያ ሥር" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"አዎ። አውቀው አይደለም፣ ፈልገውም አይደለም። በበረዶ አገር የሞቱ ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ ታይቷል። ፖሊስ ሲደርስ ሌባ የገፈፋቸው ይመስለዋል።"

ልብስ ሰፊዋ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። እነዚያን ቀናት ሁሉ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ በአንዴ ተነሣ፤ ሲነሣ ግን ቆዳዋንም ይዞ የተነሣ ያህል አመማት። አልጠላኝም። እጄን አልገፋውም። ሞቆት ነው። የኔ ምድጃ፣ ሞቆት ነው።

ከዚያ ሐኪሟ ካፖርቱ እርጥብ ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። ጠጉር ራሱ አያሞቅም፣ በመሃሉ የሚይዘው አየር ነው የሚያሞቀው፣ ሲርስ አየሩ ይወጣል አለች። የበግ ጠጉር ርሶም ቢሆን ትንሽ ይታገላል፤ ጥጥ ግን ከራሰ ሙቀት ሌባ ነው። ልብስ ሰፊዋ በረዶ ሲፍቅ አናቱ ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ አሰበች፤ ፌስታሉ ክንዷን እንዴት እንደጎተተው አሰበች። በግ ጠጉር ልሙላው ወይስ ጥጥ ብላ ገበያ ላይ የቆመችበትን ቀን አሰበች። ጥጥ ይቀላል፣ ለመስፋትም ይመቻል ብላ ነበር። ይህን ለሐኪሟ አልተናገረችም።

ልትነሣ ስትል ሐኪሟ እንደ ዋዛ "ሲያገኙት ማን አሞቀው?" አለቻት።

"እንዴት አሞቀው? ሞቶ ነው እኮ ያገኙት።"

"ማን ነው ሞቷል ያለው?"

"ሚዜው። አለቃው።"

ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች። ሳታስበው የገባችበት ነገር መሆኑን ፊቷ ይናገራል፤ ወደ ኋላ መመለስም አልቻለችም። አንድ ጊዜ ጥጃ አይቼ ነበር አለች ቀስ ብላ። ውርጭ ባለበት ሌሊት ተወልዶ ጭቃ ውስጥ ያደረ። እንደ እንጨት ደርቋል፣ አይተነፍስም፣ ዓይኑ አይንቀሳቀስም። ከሞቱት ጋር ጥለውት ነበር። የገበሬው ሚስት ግን አልሰማ ብላ ሞቅ ባለ ውሃና በብርድ ልብስ ግማሽ ቀን ስታሞቀው ውላ፣ ከሰዓት በኋላ ጆሮው ተንቀሳቀሰ። የቀዘቀዘ ልብ በደቂቃ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚመታው፤ እጅ አይሰማውም። ትንፋሹም አይታይም። ሰውነቱም ይገተራል፣ ሬሳ ይመስላል።

"ስለዚህ እኛ ዘንድ አንድ ሕግ አለ" አለች። "ቀዝቅዞ የተገኘ ጡት አጥቢ ሳይሞቅ ሞተ አይባልም።"

ልትነሣ የነበረችው ልብስ ሰፊዋ ተመልሳ ተቀመጠች። "ይተርፍ ነበር?"

"አላውቅም ልጄ። ማንም አያውቅም። ምናልባት አስቀድሞ ሞቶ ነበር። ብዙዎቹ አይተርፉም።"

"ምናልባት ግን።"

ሐኪሟ ያወለቀችውን መነጽር በጋዋኗ ጫፍ መጥረግ ጀመረች።

ከቄራው እስከ ቀዝቃዛው ቤት ሦስት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ልብስ ሰፊዋ እንዴት እንደተሻገረችው አታስታውስም። አንድ የጭነት መኪና ጡሩምባ ነፋባት፣ ሾፌሩ "ሴትዮ፣ ነፍስሽን ጠልተሻል?" ብሎ ጮኸ፣ እሷ ግን የሰማችው የሌላ ሰው ነገር ይመስል ነበር። ሚዜው መጫኛው በር ላይ ቆሞ የበሬ ጎን በአውራ ጣቱ እየተጫነ ይፈትሻል። እንዲህ ነው የሚሠሩት፤ ወረቀቱም ቴርሞሜትሩም አለ፣ ግን ሁሉም የሚያምኑት የሚዜውን አውራ ጣት ነው። ተጭኖ ሲለቀው ሥጋው ከተመለሰ ትኩስ ነው፤ ጉድጓዱ ከቀረ አብቅቶለታል። በአውራ ጣቱ ስንቱን ሥጋ አሳልፏል፣ ስንቱን አስጥሏል።

አየችው። አውራ ጣቱን አየችው። አንድ ነገር ገባት።

"እሱንም ተጫንከው?" አለችው።

ሚዜው እጁን ከሥጋው ላይ አነሣ። ሌሎቹ ሠራተኞች ዞር አሉ። እሱ ወደ ባዶው አንደኛ ክፍል ወሰዳት፤ ሳጥኑን በእግሩ ገፋና በሩ መሃል አደረገው፣ ከዚያ ሌላ ሁለተኛ ሳጥን ጨመረበት። ከቄራው በኩል ስትመጣ ስላያት፣ ሐኪሟ ዘንድ ሄዳ እንደነበር ሳይጠይቅ ገብቶታል። ለምን አወለቀ ለሚለው መልስ እንዳገኘች ስትነግረው ፊቱ ላይ ብርሃን ብልጭ አለ፤ ጓደኛው አላበደም፣ አልባለገም። ቀጥላ የጥጃውን ነገር ስትነግረው ግን ብርሃኑ እዚያው ላይ ጠፋ። ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ እስከ ወለሉ ወረደ።

"ትከሻው ላይ ተጫንኩት" አለ። "ልማድ ነው። ሳላስበው ነው።"

"እና?"

"ተመለሰ።"

ማራገቢያው ይነፋል። 

"ተመለሰ እህቴ። ቀስ ብሎ፣ ግን ተመለሰ። አይቻለሁ። ጣቴ ነግሮኛል። እኔ ግን ራቁቱን ነው፣ ራቁቱን ነው፣ ሰው ይመጣል ነው የምለው። እሱን ለማልበስ ሃያ ደቂቃ ፈጀሁ፣ ክንዱ አልታጠፍ ብሎኝ። በሩን ገርበብ አድርጌ፣ እዚያው ብርዱ ውስጥ። ከዚያ ዘበኛውን ጠራሁ። ከዚያ በሬሳ ደንብ ፒክአፕ ላይ አጋድመን፣ ሸራ አልብሰን፣ በነፋስ ወሰድነው። ጋቢና ውስጥ ማሞቂያ ነበር። እኔ ጋቢና ውስጥ ነበርኩ።"

ልትመታው እጇን አነሣች። ጥፊውን ሊቀበል ተዘጋጅቶ አገጩን ቀና አደረገላት፤ ያ ነገር ነው ያስቆማት። እጇ አየር ላይ ቀረ። ልትጮህ አሰበች፣ ልትተፋበት አሰበች። ሠራተኞቹ ከውጭ ቆመው ወለሉን ያያሉ። ይህ ሰው በሠርጓ ቀን ዝናብ ሲመጣ ጫማዋ እንዳይበላሽ ተሸክሟት ኩሬ የተሻገረ ሰው ነው። ይህ ሰው ጓደኛውን ከሐሜት ሊያድን ብሎ ምናልባት ገድሎታል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። ደግሞም የራሰው ጥጥ አለ። ደግሞም "ወይ እኔ ወይ እናትህ" አለ።

"ተነሣ" አለችው በመጨረሻ።  "ተነሣ፣ እናቱ ጋ እንሄዳለን።"

"ምን ልንላቸው?"

"ሁሉንም። እዚያ ሰፈር ምን እንደሚወራ ታውቃለህ? ካልታወቀ ሰው ጋር ተጣልቶ ነው እየተባለ ነው። ሚስቱ ናት ያስመረረችው እየተባለ ነው። ልጃቸው እንዴት እንደሞተ ሳያውቁ ሊሞቱ ነው። አንተ ያንተን ትናገራለህ፣ እኔ የኔን እናገራለሁ።"

"ይረግሙኛል።"

"ይርገሙህ።"

አማቷ የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልብስ ሰፊዋ ያን ደረጃ ስትወጣው የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ፤ ሴትዮዋ ሰባ ስድስት ናቸው። መኝታና መቀመጫው አንድ ክፍል ነው። መስኮቱ ሥር የምድጃ የወጣትነት ፎቶ አለ፤ ፎቶው ላይም ሸሚዙ ክፍት ነው፣ ብርድ አያውቅም ነበርና። አማቷ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሁለቱን አስገቧቸው፤ ሻይ ላፍላ ሲሉ አይ እማማ፣ ይቀመጡ አሏቸው።

መጀመሪያ ልብስ ሰፊዋ ተናገረች። ከጠቡ ጀመረች፤ የተናገረችውን ቃል ሳትቀንስ፣ ሳታሽሞነሙን አስቀመጠችው። ጥጡን ነገረቻቸው። ከዚያ የከብት ሐኪሟ ስለ ሰውነት፣ ስለ በረንዳውና ስለ ጓዳው የነገረቻትን። አማቷ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ፤ ገባቸው አልገባቸው አይታወቅም። መጨረሻ ላይ፣ ከመሞቱ በፊት ሞቆት እንደ ነበረ ስትነግራቸው ብቻ አንድ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሚዜው ወለሉ ላይ ተቀምጦ ተናገረ። ወንበር አለ፣ አልተቀመጠበትም። አውራ ጣቱን፣ የተመለሰውን ሥጋ፣ ሃያውን ደቂቃ፣ ሸራውን ተናገረ። ሲጨርስ ይቅርታ አልጠየቀም። ላቡ ከግንባሩ ወደ አገጩ ይወርዳል።

አማቷ የሚዜውን እጅ አዩ። ልብስ ሰፊዋ እርግማኑን ጠበቀች። ልቅሶውን ጠበቀች።

"ካልሲውንስ?" አሉ አማቷ።

ሚዜው ቀና አለ። "ምን አሉ እማማ?"

"ስታለብሰው። ካልሲውንም አለበስከው ወይ? ከሕፃንነቱ ጀምሮ እጁ እንጂ እግሩ አይሞቅም ነበር። ይሄን ሰው አያውቅም፤ ምድጃ ምድጃ ትሉታላችሁ።"

ልብስ ሰፊዋም አታውቅም ነበር። አሥራ አራት ዓመት አብራው ስትተኛ እግሩን ከብርድ ልብሱ ውጭ የሚያሳድረው ሞቆት ይመስላት ነበር፤ እሷን ላለማቀዝቀዝ ነበር ማለት ነው። 

"የግራውን አግብቼለታለሁ" አለ ሚዜው።  "የቀኙን አጣሁት። ፈልጌ ነበር። ቸኩዬ ነው፣ ባዶ እግሩን ጫማ አደረግኩለት።"

"እዚያው ነው ያለው ማለት ነዋ።"

"ይሆናል፣ እማማ። መደርደሪያው ኋላ ይሆናል።"

"ታዲያ ምን ይጎልትሃል?" አሉ አማቷ። ድምፃቸው አልከረረም፤ ሠራተኛ የሚያዙ እንጂ የሚቆጡ አይመስሉም። "ሂድ ፈልግልኝ። የልጄ ነው፤ ብርድ ቤት አይደር።"

ሚዜው በጉልበቱ ተነሣ። በሩን ሲከፍት ሁለት ጊዜ እጀታውን ሳተው። የእግሩ ኮቴ ደረጃውን እየተንከባለለ ሲወርድ ይሰማል። አማቷ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሩ። የደረቀ ዓይናቸው ላይ ምንም አይነበብም፤ ቁጣ ይሁን ምሕረት መለየት አይቻልም።

"አንቺም ሂጂ" አሏት። "እሱ ደንግጧል፤ ዓይኑ አያይም።"

ልብስ ሰፊዋ ተከተለችው። አራት ፎቅ ወርዳ ጎዳናው ላይ ስትደርስ ሚዜው የመንገዱን ግማሽ አጋምሷል፤ እየሮጠ ነው፣ ያን የሚያህል ሰውዬ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየው። እሷም ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘችና ከኋላው ሮጠች።